ለወንፊት በርና ለበር ደፍ የእጅ መደገፊያ እንሥራ

ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የተነሱ አንዲት እናት በራቸው ላይ ሲደርሱ ምን ይዘው ይወጣሉ? ብዙውን ጊዜ የሚይዙት በሩን ራሱን ነው። በሩ ግን ይንቀሳቀሳል፤ እሳቸውም አብረው ይንገዳገዳሉ። በሩ የሽቦ ወንፊት ያለው ከሆነ ደግሞ ጣታቸው ወንፊቱን ይገፋዋል፤ ወንፊቱ ውሎ አድሮ ከጥግ ይላቀቃል፤ ትንኝም መግቢያ ያገኛል። በአንድ በር ላይ ሁለት የጤና ችግር ተፈጠረ ማለት ነው፦ መውደቅና ወባ።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በትንሽ ወጪ እንዴት መከላከል እንደሚቻል እንገልጻለን። ሁሉም ሊያስታውሰው የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ሰው የሚደገፍበት ነገር ከማይንቀሳቀስ አካል፣ ማለትም ከመሬት ወይም ከጠንካራ መቃን ጋር ይያያዝ እንጂ ከሚከፈትና ከሚዘጋ በር ጋር አይያያዝ።

ጉዳዩ ለምን የጤና ጉዳይ ሆነ?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚገኙ ናቸው። ለሞት በሚያደርስ አወዳደቅ በብዛት የሚጎዱት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ዳሌያቸው ቢሰበር ለወራት ሊተኙ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም እንደ ቀድሞው መራመድ ያቅታቸዋል።

መጠለያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚሠራ ነው። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ከ10,000 በላይ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በኬንያ በኩል መጠለላቸው ይታወሳል። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያንም አብረው ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚታሰበው ዝናብና ፀሐይ የሚከልል ጣራ ነው። የበሩ ደፍ ምን ያህል ከፍ ይላል? የሚወጣው ሰው ምን ይይዛል? የሚለው ጥያቄ ለኋላ ይቀራል። ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ ደፉ ሲደለደል ደግሞ ለአረጋዊው መውጫው ይብስበታል።

በሞያሌ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ይዘንባል። በእነዚህ ወራት የደፉ አፈር ያንሸራትታል፤ የወባ ትንኝም ይራባል። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በምትገኘው ዋጂር እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ላይ የኤል ኒኞን ከባድ ዝናብ ተከትሎ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ደረቅ አገር ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ሁለት ነገር ለየብቻ እንሥራ

አንደኛው ለሰውነት ሚዛን የሚያገለግል የእጅ መደገፊያ ነው። ይህ ከበሩ ውጭ ይቆማል፤ ቢቻል ደግሞ ሌላ በውስጥ በኩል ይጨመራል። ሁለተኛው በወንፊት በሩ ላይ አግድም የሚመታ ቀጭን ጣውላ ነው። ይህ በሩን ለመግፋትና ለመሳብ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን ወንፊቱን ከእጅ ይጠብቃል። የሁለቱን ሥራ አታደባልቁ። በቀጭኑ ጣውላ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ከነበሩ ሊወድቅ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• የአንድ ኢንች የብረት የውሃ ቧንቧ፣ ወይም ጠንካራ ወጋግራና ለመያዣ የሚሆን ክብ እንጨት
• ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ከተገኘም ጥቂት ሲሚንቶ
• ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው
• ቀጭን ጣውላ፣ አጫጭር ሚስማሮች፣ መዶሻ፣ መጋዝ፣ የብርጭቆ ወረቀት
• የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ

ልኩ እንዴት ይወሰዳል?

ልኩ የሚወሰደው ከሚጠቀምበት ሰው ነው። አናጺው ለራሱ ቁመት ቢሠራው ለአጭር እናት አይመችም። ተጠቃሚው ከደፉ በታች፣ ከውጭ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እጃቸውን ወደ ታች ይልቀቁ። የእጃቸው አንጓ የሚደርስበት ቦታ የመያዣው የታችኛው ጫፍ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ደፉ ላይ ይቁሙ፤ ትከሻቸው የሚደርስበት ቦታ የላይኛው ጫፍ ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ቋሚ መያዣ ሲወጡም ሲወርዱም እጃቸው ይደርስበታል።

የመያዣው ውፍረት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የአንድ ኢንች ቧንቧ የውጭ ውፍረት 3.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለእጅ ይመቻል። መያዣው ከግድግዳው የሚርቀው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚህ ቢጠብ ጣት አያስገባም፤ በጣም ቢሰፋ ደግሞ ሲያዳልጥ ክንድ ሊገባበትና ሊሰበር ይችላል።

ቦታውስ? በሩ በሚያያዝበት በማጠፊያው ጎን ሳይሆን በሚከፈትበት ጎን ይሁን። በማጠፊያው ጎን ከሆነ በሩ ሲከፈት መያዣውን ይጋርደዋል፤ ጣትንም ሊቆነጥጥ ይችላል።

የመደገፊያው አሠራር

1. ቤቱ የሸራ ወይም የቀጭን አጠና ከሆነ መደገፊያውን ከቤቱ ጋር አታያይዙት። የቤቱ እንጨት ሸራ ለመሸከም እንጂ ሰው ለመሸከም አልተተከለም። ለብቻው የሚቆም ምሰሶ ትከሉ።

2. 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ቧንቧ ከሆነ እንዳይዞር ከግርጌው አጭር አግድም ብረት አስበይዱበት። ድንጋይና አፈር እያፈራረቃችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። ሲሚንቶ ካገኛችሁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር ቀላቅላችሁ ሙሉት፤ ለ7 ቀን ውሃ እያጠጣችሁ ሳትነኩት አቆዩት።

3. እንጨት ከሆነ ምስጥ ቶሎ ስለሚበላው መሬት ውስጥ የሚገባውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። እጅ የሚነካውን ክፍል ግን አትቀቡት፤ ዘይቱ ቆዳ ይጎዳል። ወጋግራው ለእጅ ስለሚወፍር ክቡን እንጨት በሁለት መደብ ጣውላ አርቃችሁ በቡሎን እሰሩበት።

4. ቤቱ ጠንካራ መቃን ካለው መያዣውን መቃኑ ላይ ማሰር ይቻላል። ነገር ግን ሚስማር አይበቃም፤ በየጊዜው ሲሳብ ይነቀላል። መቃኑን ከዳር እስከ ዳር ብሱትና ቡሎን አሳልፋችሁ በሮንዴላና በዳዶ አጥብቁ።

5. እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ብረት ከሆነ ቀን በፀሐይ ግሎ እጅ ስለሚያቃጥል፣ ሲዘንብም ስለሚያሟልጭ ከመነዳሪውን እንደ ጥብጣብ ቆርጣችሁ አጥብቃችሁ ጠምጥሙበት።

ማሳሰቢያ፦ መጠለያው በድርጅት የተሰጠ ከሆነ ከመብሳታችሁ በፊት ለመጠለያ ኮሚቴው አሳውቁ።

በወንፊት በሩ ላይ የሚሠራው

ቀጭኑን ጣውላ በወገብ ልክ ከበሩ አንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ አግድም ምቱ። በሁለቱም ወገን፣ ከውስጥም ከውጭም ይሁን። ሕፃናት የታችኛውን ወንፊት እየገፉ ስለሚወጡ በእነሱ ደረት ልክ ሁለተኛ ጣውላ ጨምሩ። ወንፊቱ ቀድሞ ተቀድዶ ከሆነ ከቀዳዳው በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ እራፊ ቆርጣችሁ በቀጭን ሽቦ ወይም በጠንካራ ክር ስፉት።

የምትተኙበትን አጎበር ቆርጣችሁ ለበር አታድርጉ። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የሚነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ወንፊት በር ቢኖርም አጎበር ውስጥ መተኛት አይቀርም።

ሳይሞከር አይያዝ

በአሜሪካ የግንባታ ደረጃ አንድ የእጅ መደገፊያ 113 ኪሎ ግራም ጉልበት መቋቋም አለበት። ይህም ውሃ ከሞሉ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ክብደት በላይ ነው። የወደቀ ሰው የሚይዘው በሙሉ ክብደቱ ስለሆነ መጠኑ አልበዛም። ስለዚህ አረጋዊው ከመጠቀማቸው በፊት ከባድ ጎልማሳ ሰው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን በሙሉ ኃይሉ ይሳበው። ከተነቃነቀ እንደገና ይተከል። የሚነቃነቅ መደገፊያ ከሌለው ይብሳል፤ ሰው አምኖት ይደገፈዋልና። በየወሩና ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ሙከራውን ድገሙ።

አጠቃቀሙ

• በመጀመሪያ በሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱና በመንጠቆ ያዙት። በአንድ እጅ በር፣ በሌላው ጀሪካን ይዞ ደፍ መሻገር አደገኛ ነው።
• ከዚያ መደገፊያውን ያዙ፤ በመጨረሻ እግራችሁን አንሱ።
• አንድ እግራቸው የሚያማቸው ሰዎች ሲወጡ ደህናውን እግር፣ ሲወርዱ የታመመውን እግር ያስቀድሙ።
• ማታ እንዲታይ በመደገፊያው ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩበት።
• ልብስ አታስጡበት፤ ፍየልም አትሰሩበት።

ሰው ከወደቀስ?

እየጎተታችሁ አታንሱት። መጀመሪያ አነጋግሩት፣ የሚያመውን ቦታ ጠይቁ። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ አድርሱ፦

• ዳሌውን ወይም ጭኑን በጣም ካመመው፣ መቆም ካቃተው፣ አንዱ እግር ካጠረ ወይም ወደ ውጭ ከዞረ
• ጭንቅላቱን ተመቶ ከደጋገመ ትውከት፣ ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት ወይም የሚጨምር ራስ ምታት ካለው
• ነፍሰ ጡር ሆና ደም ወይም ውሃ ከፈሰሳት፣ ሆዷን ካመማት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት

አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ሰው ከሆነ አታገላብጡት፤ የጤና ሠራተኛ ወደ ቦታው ጥሩ። ዳሌው ወይም እግሩ ተሰብሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታሹት፣ ወጌሻም እንዲጎትተው አታድርጉ። እግሩን ባለበት ሁኔታ ደግፋችሁ በቃሬዛ ውሰዱት።

ለበጎ ፈቃደኞች

ቤት ለቤት ስትዞሩ «የእጅ መደገፊያ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ብዙ አረጋውያን ሰው ላለማስቸገር «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላሉ። ይልቁንም «እማማ፣ ሌሊት ሲወጡ ምን ይዘው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲወጡና ሲገቡ ተመልከቱ፤ እጃቸው የሚሄድበትን ቦታ ልብ በሉ። በሞያሌ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛና አማርኛ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ በሚቀናቸው ቋንቋ አነጋግሯቸው።

ዓይናቸው የደከመ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ በቅርቡ የወለዱ፣ የመውለጃቸው ጊዜ የደረሰና ከዚህ በፊት የወደቁ ሰዎች ይቅደሙ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግመኛ የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ብዙ አረጋውያን መውደቅን ፈርተው ከቤት መውጣት ያቆማሉ፤ እንዳይሸኑም ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ይህ በቆላ ሙቀት ሌላ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ «ውሃ ይጠጡ» ከማለታችን በፊት መውጫቸውን እናመቻችላቸው።

ጉድጓድ የሚቆፍር ወጣት፣ መጋዝ ያለው አናጺና ልክ የሚወስድ ጎረቤት ከተገኙ ምሰሶው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይተከላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዝናቡ ሳይጀምር ዛሬውኑ የራሳችሁንና የጎረቤታችሁን በር ተመልከቱ።