ሳይቃጠል በቅጠል፤ አዲስ ላፕቶፕ ለገዛ ሰው የተሰጠ የንጽሕናና የጥንቃቄ ምክር

ከመታከም ይልቅ ከመታመም አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚበልጥ በዚህች ወርኃዊ ጽሑፋችን ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ስለ ውኃ ማፍላት፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ቤትና ስለ ግቢ ጽዳት የጻፍነው ሁሉ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። በዛሬው እትማችን ደግሞ በየመምህሩ ቦርሳና በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኘው ስለ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ልንናገር አስበናል። ነገሩ ከጤና አጠባበቅ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ታግሦ እንዲያነብልን እንለምናለን። ይህም ዕቃ እንደ ሰው አቧራ ያፍነዋል፤ ሙቀት ያደክመዋል፤ ተላላፊ በሽታም ይይዘዋል። በጊዜው ቢጠነቀቁለት ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል።

አንድ መምህር በሰኔ ወር የስድሳ ተማሪዎችን የዓመት ውጤት በላፕቶፑ መዝግቦ ጨርሷል እንበል። ሮስተሩን ለማሳተም ፍላሽ ይዞ ወደ ኮፒ ቤት ሄደ፤ ተመልሶም ያንኑ ፍላሽ ሳይመረምር በላፕቶፑ ላይ ሰካው። በማግሥቱ ፋይሎቹ አልከፈት አሉ። ሌላ ቅጂ አላስቀመጠም። እንዲህ በሆነ ጊዜ የጠፋው የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም፤ የስድሳ ልጆች የዓመት ድካም ነው። ይህን ከመሰለው ጉዳት የሚያድነው ጥንቃቄ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች በየተራው እንገልጻለን።

1ኛ፤ ስለ አየርና ስለ ሙቀት

ላፕቶፕ በሚሠራበት ጊዜ ይሞቃል። አብዛኞቹ ሙቀቱን የሚያስወጡት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ማራገቢያ አማካይነት አየር በሥራቸው ስበው በጎናቸው ወይም በኋላቸው በመተንፈስ ነው። እነዚህ ቀዳዳዎች የላፕቶፑ አፍንጫ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስለዚህ በአልጋ፣ በትራስ ወይም በጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት አፍንጫን በእጅ እንደ መድፈን ይቆጠራል። ጠንካራና ደልዳላ ጠረጴዛ ይሻለዋል።

ብዙ ፋብሪካዎች ላፕቶፕ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለበት፣ ከባሕር ወለል በላይም እስከ 3,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ እንዲሠራ ያዝዛሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው ከወሰኑ አልወጡም። ይሁን እንጂ በደጋ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን ተሸክሞ የመውሰድ ኃይሉ ከቆላው ያነሰ ነው። የደጋ ሰው «አገሬ ብርድ ነው» ብሎ የማራገቢያውን መተንፈሻ ሊያፍን አይገባውም። በአፋር ቆላ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከተባለው ወሰን ስለሚያልፍ ጠዋትና ማታ መሥራት ይመረጣል። በየትም አገር ቢሆን ላፕቶፕን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ አይገባም።

2ኛ፤ ስለ ጽዳት

የሰው እጅ ከገንዘብ፣ ከበር እጀታና ከታክሲ ወንበር ያገኘውን ጀርም ሁሉ ወደ ኪቦርዱ ያመጣዋል። እየበሉ መጻፍም ፍርፋሪውን በቁልፎቹ ሥር ያከማቻል፤ ጉንዳንና በረሮ ይጠራል። ስለዚህ ከሥራ በፊት እጅን መታጠብ፣ ምግብንም ከአጠገቡ ማራቅ የመጀመሪያው ጽዳት ነው።

ለማጽዳት ሲፈለግ አስቀድሞ ላፕቶፑን ማጥፋትና ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል። ስክሪኑ ለስላሳና ብናኝ በማይተው ጨርቅ፣ ካስፈለገም በውኃ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል። ኪቦርዱን በ70 በመቶ አልኮል ጥቂት በረጠበ ጨርቅ መወልወል ይቻላል። ፈሳሹ በጨርቁ ላይ ይደረጋል እንጂ በዕቃው ላይ አይረጭም። በረኪናና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ የስክሪኑን ልባስ ስለሚያበላሹ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም።

በበጋ ወራት አቧራ ወደ መተንፈሻው ይገባል፤ የከሰልና የዕጣን ጢስም ቀስ በቀስ ይጣበቅበታል። ማራገቢያው ያለ ልማዱ ሲጮኽና የላፕቶፑ ሥር ሲያቃጥል ውስጡ በአቧራ መደፈኑን መጠርጠር ነው። እንዲህ ሲሆን ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ አስከፍቶ ማስጠረግ እንጂ በአፍ እፍ ማለት አይረባም፤ የአፍ ትንፋሽ እርጥበት አለውና።

3ኛ፤ ቡና ወይም ውኃ ቢፈስበት

ቡና በሚፈላበት ቤት ሲኒና ላፕቶፕ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ፈሳሽ ከነካው ግን አንድ ደቂቃ ሳይዘገዩ ቻርጀሩን መንቀል፣ ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያም ክዳኑን ከፍቶ በግንባሩ ደፍቶ ማንጠፍጠፍ ይገባል። «ይሠራ እንደሆነ እስቲ ልሞክረው» ብሎ ማብራት ብዙ ላፕቶፕ የገደለ ስሕተት ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው ውኃው ብቻውን አይደለም፤ ኤሌክትሪክ በእርጥቡ ላይ ሲያልፍ የሚሆነው መቃጠልና መዛግ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ሆነ በሩዝ ውስጥ መቅበር መድኃኒት አይሆነውም፤ የሩዙ ዱቄት እንዲያውም ወደ ቀዳዳው ይገባል። ስኳር ያለበት ቡናና ለስላሳ መጠጥ ከደረቁም በኋላ ስለሚጎዱ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይሻላል።

4ኛ፤ ስለ መብራትና ስለ ባትሪ

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ላፕቶፕ ያመጣለት ሰው «ያገሩ መብራት 120 ቮልት ነውና ይቃጠልብኛል» ብሎ ይሠጋል። በቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ቁጥር ካለ ሥጋት አይግባው፤ ለሁለቱም አገር የተሠራ ስለሆነ የሚያስፈልገው ለአገራችን ሶኬት የሚስማማ መሰኪያ ብቻ ነው። ይልቁንስ የሚያስፈራው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ተመልሶ ከጸና በኋላ መሰካት ይገባል። በክረምት ነጎድጓድ ጊዜም እንዲሁ ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል።

አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ «መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርግ፤ ከዚያም ፈጽሞ እስኪያልቅ ተጠቀም» የሚል ምክር በየሱቁ ይሰማል። ይህ ከጥንቱ የኒኬል ባትሪ የቀረ ልማድ ነው። የዛሬው ባትሪ ሊቲየም አዮን ስለሆነ ይህን አይፈልግም። እንዲያውም ፈጽሞ ባዶ መሆንና ከሙቀት ጋር ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየት ያስረጁታል። በ20 በመቶና በ80 በመቶ መካከል ቢያቆዩት ዕድሜው ይረዝማል። በክረምት ዕረፍት ለብዙ ሳምንት የሚቀመጥ ከሆነም ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ አጥፍቶ፣ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ባትሪው አብጦ ክዳኑን ወይም ኪቦርዱን ወደ ላይ ቢገፋ በውስጡ ጋዝ መፈጠሩን ያመለክታል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ያን ጊዜ ቻርጅ ማድረግ ማቆም፣ አለመጫን፣ አለመብሳት፣ ሳይዘገዩ በባለሙያ ማስለወጥ ያስፈልጋል። አሮጌውን ባትሪ ከቆሻሻ ጋር መጣል ወይም ማቃጠል ለአካባቢው ሰው ጤና አደገኛ ነው።

5ኛ፤ ስለ ተላላፊው በሽታ

የኮምፒዩተር ቫይረስ ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ ክፉ ሰዎች የጻፉት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ነገር ግን አስተላለፉ ከተላላፊ በሽታ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ስሙን ከዚያ ወሰደ። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያስተላልፈው ፍላሽ ነው። አንድ ፍላሽ በአንድ ቀን ኮፒ ቤት፣ ጽሕፈት ቤትና መኖሪያ ቤት ሲዞር፣ ባልታጠበ አንድ መርፌ ብዙ ሰው እንደ መውጋት ነው። በፍላሹ ውስጥ የነበሩት ፋይሎች ጠፍተው በቦታቸው ቀስት ያለባቸው ትንንሽ ምልክቶች ብቻ ቢታዩ፣ ብዙ ሰው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው እንደ ገባ ይጠርጥሩ፤ ምልክቶቹንም ጠቅ አያድርጉ። ፍላሽ ሲሰካ ከመክፈት አስቀድሞ በአንቲቫይረስ ማስመርመር የዘወትር ልማድ ይሁን። በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣ መከላከያ አለ፤ እርሱን አለማጥፋት ነው። ያለ ክፍያ የተገኘ የተሰረቀ ፕሮግራም ሲጭኑ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ቢያገኙ፣ ሌባ ዘበኛውን አሰናብት ሲል እንደሰሙ ይቁጠሩት።

ክትባቱ አፕዴት ነው። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2017) ዋናክራይ የተባለ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በብዙ አገሮች ተሠራጨ፤ ፋይሎችን እየቆለፈ 300 ዶላር የሚያህል ክፍያ በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ሕክምና ድርጅት ሆስፒታሎች ሥራቸው ታወከ፤ ከ19,000 በላይ የሕሙማን ቀጠሮ እንደ ተሠረዘም ተገምቷል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወር አውጥቶ ነበር። ክትባቱ ነበረ፤ ብዙዎች አልተከተቡም። እንዲሁም የዊንዶውስ 10 የተለመደው ነጻ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2025) ስላበቃ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

6ኛ፤ ስለ ይለፍ ቃልና ስለ ሌባ

የልጅ ስም፣ የስልክ ቁጥርና «123456» ይለፍ ቃል አይባሉም፤ በር ገርበብ አድርጎ እንደ መተው ናቸው። የሚሻለው እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን መደርደር ነው፤ ለምሳሌ «ጀበና፣ ሐሙስ፣ መቀስ፣ ዳገት» እንደ ማለት። ይህ በላቲን ፊደል ቢጻፍ እንኳ ለባለቤቱ ቀላል፣ ለሌባ ከባድ ነው። (ይህንኑ የጻፍነውን ግን አይጠቀሙበት።) ለኢሜይልና ለባንክ የተለያየ ይለፍ ቃል መያዝ፣ በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰው እንኳ አለመንገር ያስፈልጋል።

ላፕቶፑን በገዙበት ቀን በሥሩ የተጻፈውን መለያ ቁጥር በደብተር ይመዝግቡ፤ ደረሰኙንም ከእርሱ ጋር ያኑሩ። ቢሰረቅ ለፖሊስ የሚቀርበው ማስረጃ እርሱ ነው። የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ያለ ፈቃድ መግባትም በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

7ኛ፤ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ

ከላይ የተነገረው ጥንቃቄ ሁሉ ቢጓደል እንኳ ቅጂ ያለው ሰው ሥራውን አያጣም። ደንቡ አጭር ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማኅደር ወይም በትምህርት ቤቱ ካዝና ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ቅጂው እንዳለቀ ይነቀል፤ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱ እርሱንም ይቆልፈዋል። ፋይሉ ከጠፋ በኋላ ስለ ቅጂ ማሰብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

8ኛ፤ ስለ ባለቤቱ ጤና

ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ ስለተያያዙ አንገትን ያስጎነብሳል። ረጅም ጊዜ የሚሠራ ሰው በመጻሕፍት ላይ አስቀምጦ ስክሪኑን ከዓይኑ ጋር ቢያስተካክል፣ ሌላ ኪቦርድም ቢሰካ አንገቱና ጀርባው ይድናሉ። ስክሪን ሲመለከቱ ዓይን መርገብገቡን ስለሚቀንስ ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ወደ ራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ መመልከት ያሳርፈዋል።

እንግዲህ ለማስታወስ እንዲቀል ምክራችንን በአጭሩ እንደግማለን። በየቀኑ በንጹሕ እጅ መሥራትና ሲጨርሱ ሥራን ማስቀመጥ፤ በየሳምንቱ መወልወልና ቅጂ መያዝ፤ በየወሩ አፕዴት መደረጉን ማረጋገጥ፤ በየዓመቱ ውስጡን ከአቧራ ማስጠረግ። መምህራን ይህን ለራሳቸው ከማድረጋቸው በላይ ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩልን፣ ዛሬ የእናቱን ስልክ የሚነካካው ልጅ ነገ የራሱን ላፕቶፕ ሲይዝ ጥንቃቄውን አስቀድሞ ያውቀዋል። በሰኔም ወር ውጤቱን የሚጠብቅ ተማሪ ሁሉ ውጤቱን ያገኛል።