የመጀመሪያው የኪራይ ቤት፦ ከግድግዳው በፊት ውሉን እንይ



ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጂድ ደጃፍ ላይ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ባለፉት ጥቂት ዓመታት መልካቸውን ቀይረዋል። ቀድሞ የኒካሕና የፍቺ ጉዳይ ይበዛ ነበር። አሁን ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ጠጋ ይልና «ኡስታዝ፣ ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ቤት ገዝቼ ላከራይ አስቤ ነበር፤ ሐላል ነው?» ይለናል። ቤት ማከራየት ሐላል ስለመሆኑ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ኢጃራ ዑለማዎች ያልተጣሉበት ጉዳይ ነው። መጠየቅ ያለበት ቤቱ በምን ዓይነት ውል እጅ ይገባል የሚለው ነው። እስካሁን ለሽምግልና የተጠራንባቸው የቤት ጠቦች አብዛኞቹ ከተከራይ የመጡ አይደሉም። የመጡት ቤቱ ገቢ ማምጣት ከመጀመሩ በፊት ከተፈረመ፣ ወይም መፈረም ሲገባው ሳይፈረም ከቀረ ወረቀት ነው።

በመጀመሪያ ግን ሒሳቡን እንሥራ። መምህር የነበረ ሰው ሰሌዳ ሳይዝ አይሆንለትም። አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት 4 ሚሊዮን ብር ተባለ እንበል፤ ኪራዩ በወር 20,000 ብር ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ስለሆነ የየራሳችሁን ሰፈር ዋጋ አስገቡበት። በዓመት 240,000 ብር ይመጣል፤ ከቤቱ ዋጋ 6 በመቶ ማለት ነው። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢውል፣ ቧንቧው ቢበላሽ፣ ቀለም ቢቀባ፣ ደላላ ድርሻውን ቢወስድ፣ የኪራይ ገቢ ግብርም ሲከፈል፣ እጅ ላይ የሚቀረው 4 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ወጣቱ ግን 4 ሚሊዮን የለውም። 1.2 ሚሊዮን ብር አለውና የቀረውን 2.8 ሚሊዮን ባንክ እንዲሸፍንለት ይፈልጋል። የባንኩ ትርፍ ተጨምሮ ዕዳው 5.6 ሚሊዮን ብር ቢደርስና በ10 ዓመት ቢከፋፈል፣ ወርኃዊ ክፍያው ከ46,000 ብር በላይ ይሆናል። ቤቱ የሚያስገባው 20,000 ነው። የጎደለውን 26,000 የሚከፍለው ደመወዙ ነው።

«ቤቱ ራሱን በራሱ ይከፍላል» የሚለው የደላላ ወሬ እዚህ ጋ ያበቃል። ከወለድ ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ ርካሽ ነው ብለው የሚያስቡም አሉ፤ አይደለም። ኪራዩን በየስድስት ወሩ እየጨመሩ ክፍተቱን መሙላትም ከእንግዲህ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በተቆጣጣሪው አካል ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያሳውቀው መጠን ማለፍ አይችልም። አንዳንድ አከራዮች ይህን እንደ በደል ያዩታል። እኛ በደመወዛችን ኪራይ እየከፈልን የኖርንባቸውን ዓመታት ስላልረሳን ብዙም አናዝንላቸውም።

ደመወዙ ክፍተቱን የሚችልለት ወጣት ወደ ባንክ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም ዘምዘም ባንክ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሂጅራ፣ ሸበሌና ራሚስ ተከትለዋል፤ መደበኛ ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡባቸው መስኮቶች አሏቸው። በሰፊው የሚታወቀው ውል ሙራበሐ ነው፤ ባንኩ ቤቱን ይገዛል፣ ትርፉን ገልጾ ለደንበኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው ይህን ውል ያጸደቀው በሁኔታ ነው፤ ንብረቱ መጀመሪያ ባንኩ እጅ መግባት አለበት፣ ለደንበኛው እስኪያስረክብም ድረስ ለሚደርስበት ጥፋት ተጠያቂው ባንኩ ነው።

ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤት ያያል፣ ይወደዋል፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ይፈራና በራሱ ስም የሽያጭ ውል ፈርሞ ቀብድ ይከፍላል። ከዚያ ወደ ባንክ ሄዶ «ሙራበሐ ሥሩልኝ» ይላል። ቤቱን እኮ እሱ ገዝቶታል! ባንኩ ከዚህ በኋላ የሚሸጥለት ነገር የለውም። ለሻጩ ገንዘብ ከፍሎለት በላዩ ጨምሮ ከተቀበለው፣ ወረቀቱ ላይ ሙራበሐ ተብሎ ቢጻፍም ብድር ከነጭማሪው ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ምንም ሳይፈርሙ አስቀድሞ ባንኩን ማነጋገር ይገባል። ለባንኩ ሠራተኛም «ቤቱን መጀመሪያ የምትገዙት እናንተ ናችሁ? በየትኛው ሰነድ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በግንባታ ላይ ያለ ቤት ከሪል ስቴት የሚገዛ ሰው ደግሞ የቅጣት አንቀጹን ፈልጎ ያንብብ። ይኸው አካዳሚ በ2000 እ.ኤ.አ ሪያድ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ግንባታውን ያዘገየ ገንቢ ቅጣት እንዲከፍል መዋዋል ይቻላል ብሏል። ገዢው የዘገየ ክፍያ ላይ የሚጣል ጭማሪ ግን የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ያ ዕዳ ላይ የተጨመረ ገንዘብ ነው። እኛ ያየናቸው ውሎች ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ገዢው በዘገየ ቁጥር በመቶኛ ይቀጣል፣ ገንቢው ሲዘገይ ግን «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ይባላል። ከመፈረም በፊት እንዲስተካከል መጠየቅ ይቻላል።

የኮንዶሚኒየም ቤትን «በውክልና» መግዛትም የተለመደ ነው። የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ሳያልቅ ባለዕጣው ብሩን ይቀበልና ውክልና ይሰጣል። በሕጋችን ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ያን ጊዜ ገዢው የሚፋጠጠው ስለ ሽያጩ ከማያውቁ ወራሾች ጋር ነው። በዚህ ላይ ሌላ የምንጨምረው የለንም።

1.2 ሚሊዮን ብር የሌለው ወጣት ይበልጣል። ለእሱ ትክክለኛው በር ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ግቢ ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎችን ከሚመለከተው አካል ፈቃድ አውጥቶ መሥራትና ማከራየት። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነና የሚያዋዋለው ሁሉ ዘመድ ወይም ጓደኛ ስለሆነ፣ ሪባ በቀላሉ የሚገባውም በዚሁ በር ነው።

አንዱ መግቢያ ወለድ አግድ ነው። በገጠር በመሬት ላይ፣ በከተማ ደግሞ በቤት ላይ የሚደረግ የቆየ ውል ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስፍራ አለው። ገንዘብ የቸገረው ባለቤት 300,000 ብር ይቀበልና ቤቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ድረስ ይኖርበታል ወይም አከራይቶ ኪራዩን ይበላል። ከዚያ 300,000ውን ሙሉውን ይቀበላል። ወጣቶች «ወለድ አልተቀበልኩም፣ ቤት ነው የያዝኩት» ይሉናል። ኪራዩ ራሱ ወለዱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በመያዣ ያለች እንስሳ በቀለቧ ልክ እንድትጋለብና እንድትታለብ የሚፈቅደውን ሐዲስ ያነሳል። ያ ግን ቀለብ ለሚፈልግ እንስሳ የመጣ ነው። ኢብን ቁዳማ በአል-ሙግኒ ኢማም አሕመድ በብድር መያዣነት በተሰጠ ቤት መጠቀምን ጥርት ያለ ሪባ አድርገው እንዳዩት ዘግበዋል። የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት የተጻፈ መጽሐፍ የእኛን ሰፈር ውል እንዲህ ሲገልጸው ይገርመናል።

ሌላው መግቢያ ሽርክና የሚመስል ብድር ነው። ጓደኛ ለሰርቪሱ ማሠሪያ 500,000 ብር ያወጣል፤ በየወሩ ቁርጥ 8,000 ብር ይወስዳል፤ በሦስተኛው ዓመት 500,000ውም ይመለስለታል። ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑም 8,000ው አይቀርም። ይህ ሽርክና አይደለም። ሽርክና እንዲሆን ከተገኘው ኪራይ ላይ ድርሻ ይዞ፣ ለምሳሌ 40 በመቶ፣ ክፍሎቹ ባዶ በዋሉበት ወር እሱም ባዶ እጁን መቅረት አለበት፤ ኪሳራ ቢመጣም በካፒታሉ መጠን ይካፈላል። የአምስት ደቂቃ ንግግር ነው የሚፈልገው፤ ግን ብር ከመቆጠሩ በፊት።

ሦስተኛው ሪባ አይደለም፣ ግን ከሁሉም በላይ ያሳመመን እሱ ነው። አንዲት እህት ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርታ የላከችውን ገንዘብ ወንድሟ አባታቸው ግቢ ውስጥ አራት ክፍል ሠራበት። ተከራይ የሚያስገባው እሱ፣ ኪራይ የሚቀበለው እሱ፣ ግብር የሚከፈለው በእሱ ስም። አባት ሞቱ። ስትመለስ ወንድሟ «እኔ ደከምኩበት» አለ፤ ሌሎቹ ልጆች «ግቢው የአባታችን ነው፣ ያለው ሁሉ ውርስ ነው» አሉ። ሦስቱም በከፊል ልክ ነበሩ፤ ለዚህ ነው ጉዳዩ አሥራ አንድ ጊዜ ያስቀመጠን። መሬቱ የወራሾች ሁሉ ነው፣ የሴቶቹ ድርሻ ጭምር። ክፍሎቹ የቆሙት በእሷ ገንዘብ ነው። ለወንድምየው ድካም ደሞዝ ወይም ድርሻ አልተወሰነለትም ነበር። ገንዘቡ ስጦታ ይሁን ብድር ወይስ ሽርክና የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ አልነበረም። ቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ መውረዷን ሁሉም ያውቁ ነበር። እኛም ያገኘነው ነገር የባንክ መላኪያ ደረሰኞችን ብቻ ነው፤ ግማሾቹም ቀለማቸው ጠፍቷል። በመጨረሻ የግንባታው ዋጋ ተገምቶ የእሷ ተለየ፣ የቀረው እንደ ውርስ ተከፈለ። ወንድምና እህቱ ግን ዛሬም አይጠያየቁም።

ቤቱ ኪራይ ማምጣት ከጀመረ በኋላ የሚጠየቀው የዘካ ጉዳይ ነው። ለማከራየት የተያዘ ቤት ዋጋው ላይ ዘካ የለበትም፤ አካዳሚው በ1985 እ.ኤ.አ ጅዳ ላይ የወሰነውም ይህንኑ ነው። ዘካው የሚመለከተው የተጠራቀመውን ኪራይ ነው። የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያህል ደርሶ የጨረቃ ዓመት ከሞላበት 2.5 በመቶ ይወጣለታል፤ በወሩ ለቤት ወጪ ያለቀው አይታሰብም። ቤቱ የተገዛው ዋጋው ሲጨምር ለመሸጥ ታስቦ ከሆነ ግን የንግድ ዕቃ ነውና ዘካው በየዓመቱ በገበያ ዋጋው ላይ ይሰላል። ኪራዩን ከደመወዙ ጋር ሳይቀላቅል ለብቻው በከፈተው ሒሳብ የሚቀበል ሰው፣ ዘካውን ለማስላት የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሻይ አይበልጥም።