ሙቀት የፍየሎችን መራባት እንዴት ያውካል?

በሰሜን ወሎ ዞን እንደ ሐራ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች፣ መኖ ያልጎደላት ፍየል ሳትፀንስ ልትቀር ትችላለች። አንዱ ምክንያት ሙቀት ነው።

ሆርሞን በደም የሚጓዝ መልእክት ነው፤ ሥራውን የሚጀምረው በህዋሱ ላይ ወይም ውስጥ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን ሲይዘው ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓታት የቆዩ ፍየሎች በእንቁላል አቃፊ ከረጢታቸው ያለው፣ እንቁላል እንዲበስልና እንዲለቀቅ የሚያደርገው ሆርሞን ተቀባይ መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። ከረጢቱ ኢስትሮጅን የማምረት አቅሙም ተዳክሟል።

መልእክቱ ቢላክም ተቀባዩ ካነሰ ምላሹ ይደክማል። ስለሆነም አርቢዎች በተለይ ፍየሎች በሚጠቁበት ወቅት፣ ከመኖ ባሻገር ጥላና በቂ ውኃ ሊያዘጋጁ ይገባል።