ዝንጅብልና ጂንጀር

በእንግሊዝኛ መምህራን ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ፎቶኮፒው ከመደጋገሙ የተነሳ ፊደሉ የደበዘዘ አንድ ወረቀት አለ። ፈሊጣዊ አነጋገሮች ተደርድረውበታል፤ በእያንዳንዱ ሥር ደግሞ «መነሻው» የሚል አጭር ታሪክ ይዟል። ተማሪ ይወደዋል፤ ተረት ማን ይጠላል? እኔ ግን ወላይታ ውስጥ፣ ቦምቤ ላይ ሳስተምር ከዚህ ወረቀት ጋር ስነታረክ ነው የኖርኩት።

እንግሊዞች ዶፍ ሲወርድ ድመትና ውሻ ዘነበ ይላሉ። ወረቀቱ እንደሚለው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ቤት ጣሪያው ሳር ስለነበር ድመቱም ውሻውም ሙቀት ፍለጋ እዚያ ላይ ይተኛ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሳሩ ያንሸራትተውና ዱብ ዱብ ይላል፣ አባባሉም ከዚያ መጣ። ይህን ለከተማ ልጅ ብትነግሩት ያምናችሁ ይሆናል። ሳር ቤት ውስጥ ያደገ የቦሎሶ ቦምቤ ልጅ ግን በጄ አይልም። አንዱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ «ቲቸር፣ ሲዘንብ ውሻ ምድጃ ዳር ነው የሚገባው። ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል?» አለኝ። ጎኑ ያለችው ልጅ ደግሞ በደንብ የተከደነ ሳር ውሃ እንኳ እንደማያቆም፣ እንኳን ውሻ ሊያስተኛ ድመትም እንደማታርፍበት አስረዳችን። አባቷ ቤት ክዳኝ ሳይሆን አይቀርም።

ልጆቹ ልክ ናቸው። ተረቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢሜይል የተሰራጨ ፈጠራ ነው። አባባሉ ራሱ ግን የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1653 በታተመ የሪቻርድ ብሮም ተውኔት ውስጥ ውሻና ሸለምጥማጥ መሰል አውሬ ይዘንባል የሚል አለ፤ ጆናታን ስዊፍት ደግሞ በ1738 ዛሬ በምናውቀው መልኩ ጻፈው። ለምን ድመትና ውሻ እንደተመረጡ ያረጋገጠ ሰው የለም። «መነሻው አይታወቅም» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ በቅሬታ ያጉረመርማል። እኔ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ እወዳለሁ። የተማሪ ደብተር ውስጥ ከሚገቡት ሁሉ እጅግ ብርቅ የሆነው እሱ ነው።

ተረቱን ስነጥቃቸው ምትክ መስጠት አለብኝ፤ ምትኩም ሩቅ አይደለም። አካባቢያችን የዝንጅብል አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የገባው ባክቴሪያ አመጣሽ አጠውልግ በሽታ የስንቱን ቤት ገቢ እንዳመናመነ ማንም አልረሳውም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ጂንጀር» ብዬ ስጽፍ ትርጉሙን የማያውቅ የለም። የማያውቁት ጂንጀርና ዝንጅብል አንድ ቃል መሆናቸውን ነው። ተክሉ ከእስያ ነው የመጣው፤ ቃሉም ሥሩ ደቡብ ሕንድ ነው፤ ታሚሎች ዛሬም ኢንጂ ይሉታል። ከዚያ ወደ ሳንስክሪትና ፓሊ ገባ። አንዱ ቅርንጫፍ በግሪክና በላቲን አድርጎ እንግሊዝ ደረሰ፣ ሌላው በፋርስና በዓረብ ነጋዴ አፍ ዛንጀቢል እየተባለ እኛ ዘንድ ገባ። ነጋዴው ቅመሙን ሲሸጥ ስሙን በምርቃት ጨምሮ ነው የሰጠው። ስኳርና ሹገርም እንዲሁ ናቸው፤ ዝባድና «ሲቬት» የሚሉትም ከአንድ የዓረብኛ ቃል የወጡ ናቸው።

ይህን ያየ ልጅ እንግሊዝኛን ከሰማይ የወረደ ዱብ ዕዳ አድርጎ ማየቱን ይተዋል። የእኛ ልጆች ሌላ ችግርም አለባቸው። ወላይትኛን በላቲን ፊደል ስለተማሩ ፊደሉን ገና በልጅነታቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን በወላይትኛ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል የ«ጥ» ድምፅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ቦክስ» የሚለውን «ቦጥ» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። አልስቅበትም፤ በራሱ ሕግ ትክክል ነው ያነበበው። እንዲያውም «አልፋቤት» የሚለው ቃል የግሪኮቹ አልፋና ቤታ ሲሆን፣ እነሱም ከሴም ቋንቋዎች የወሰዱት፣ የእኛው አልፍና ቤት ወንድም መሆኑን ስነግራቸው «ቤት? ይሄ የምንኖርበት?» ይላሉ። አዎ፣ እሱው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳልሰጥ አላልፍም፤ የቃል ዘር የቃል ትርጉም አይደለም። «አልኮል»ን ውሰዱ። አል ኩሕል ከሚለው ዓረብኛ ነው፤ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉበት ኩል። የኩል ዱቄት እጅግ የላመ ስለሆነ የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች ማንኛውንም የላመ ዱቄት በዚህ ስም ጠሩት፤ ቀጥለው ተጣርቶ የወጣን ነገር ሁሉ፤ በመጨረሻም ከወይን የሚጣራውን መንፈስ። ቃሉ ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ሲመለስ ኩልም አልኮልም አማርኛ ሆነው ተቀመጡ፣ ዝምድናቸውንም ረሱ። ፈተና ላይ አልኮል ማለት የዓይን መዋቢያ ነው ብሎ የሚሞላ ካለ ኤክስ ነው የማደርግበት።

ከሁሉ የሚቀናኝ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣው ነው። የኤስአይኤም ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ከደረሱ ወዲህ አገሩ ወንጌላዊ ሆኗል፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያልዋለ ልጅ ክፍሌ ውስጥ ጥቂት ነው። «በጥርሴ ቆዳ አመለጥኩ» የሚል የእንግሊዝኛ አባባል አለ፤ ለጥቂት ተረፍኩ እንደማለት። «ጥርስ ቆዳ አለው እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። ኢዮብ 19 ቁጥር 20ን ክፈቱ እላለሁ። በግድግዳ ላይ የተጻፈው ሲባል ብልጣሶርን ከእኔ በላይ ያውቁታል። «ስኬፕጎት»፣ በሌላው ጥፋት የሚጠየቅ ሰው፣ ዘሌዋውያን 16 ላይ ኃጢአት ተሸክሞ በረሃ የሚለቀቀው ፍየል ነው፤ ቃሉን ዊልያም ቲንዴል እ.ኤ.አ. በ1530 ባሳተመው ትርጉሙ ፈጠረው። ከስድስት ዓመት በኋላ በመናፍቅነት ተከሶ ታንቆ ተገደለ፣ ሬሳውም ተቃጠለ።

እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ኢሳይያስ 40 ላይ ያለውን፣ በገንቦ ውስጥ እንዳለ ጠብታ የሚለውን አባባል ብዙዎች «ከባሕር በጭልፋ» እያሉ ያስተምሩታል። አይገናኙም። እንግሊዙ ጠብታውን ሲጠራ ነገሩ ከቁጥር አይገባም፣ ምንም አይፈይድም ማለቱ ነው። እኛ ከባሕር በጭልፋ ስንል ከብዙው ጥቂት ቀነስኩላችሁ ማለታችን ነው፤ ባሕሩ ሙሉ ነው። አንዱ ያማርራል፣ አንዱ ይጋብዛል።

ለዚህ ሁሉ የምሰጠው ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ብሔራዊ ፈተናው የቃል ዘር አይጠይቅም የሚለኝ ሰው ልክ ነው፤ ሰዋስውና ንባቡ ሰዓቱን ይበላዋል።

አሁን ያልተቋጨ ክርክር የያዝነው በቡና ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ «ኮፊ» ከካፋ የመጣ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ተክሉ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ መሆኑ አያከራክርም። ቃሉ ግን ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከዓረቡ ቀህዋ፣ በቱርክ ካህቬ በኩል ነው፤ ቀህዋ ደግሞ ከቡና በፊት የወይን ጠጅም ይባልበት ነበር። ከዚያ ወደ ካፋ የሚያሻግር ማስረጃ አልተገኘም። «ታዲያ ለምን ተመሳሰሉ?» አለኝ። መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም አልኩት። «ዝንጅብል ላይ ሲሆን ሆኖ እዚህ ላይ ለምን አይሆንም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ዝንጅብሉ ያለፈበት ጣቢያ አንድ በአንድ ተጽፎ ስለተገኘ ነው፤ በካፋና በቀህዋ መካከል ግን የተጻፈ ጣቢያ የለም። አልተዋጠለትም። እንግዲህ በወላይትኛ ቱኬ፣ በአማርኛ ቡና የምንለውን ነገር ፈረንጅ ከሁለታችንም ሳይጠይቅ ነው ስም ያወጣለት።