«የማን ልጅ ነህ?»

ከሚሴ ከተማ ወይም ሰኞ ባቲ ገበያ ከማያውቁት ሽማግሌ ጋር ሰላምታ ቢለዋወጡ፣ ከስምዎ ቀጥሎ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ የማን ልጅ ነዎት? ለዚህ አካባቢ ሰው ልደት ማለት ዘር፣ ቋንቋና ሃይማኖት በአንድነት ነው። እንግዲህ የአንዱ ቤት ልጅ አንድ ቀን ገብቶ «ዳግመኛ ተወልጃለሁ» ቢል እናቱ ምን ትላለች? «የእኔ ማኅፀን ምን ጎደለው?» ብትል ይፈረድባታል?

የእስራኤል መምህር ኒቆዲሞስም የተሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እንደምናነበው፣ ጌታ ሲነግረው ያረጀ ሰው ተመልሶ ወደ እናቱ ሆድ እንዴት ይገባል ብሎ ጠየቀ። «አኖተን» የሚለው የግሪክኛ ቃል ግን «ዳግመኛ»ም «ከላይ»ም ማለት ነው። ኒቆዲሞስ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ጌታ የሚናገረው ግን ከእግዚአብሔር መንፈስ ስለሚሆን ልደት ነው። ነፋስን ምሳሌ ማድረጉም በከንቱ አይደለም። በግሪክኛ ነፋስና መንፈስ አንድ ቃል ናቸው፤ በእኛም ቋንቋ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በቦርከና ሸለቆ ማሽላው ሲያጎነብስ እናያለን፣ ነፋሱን ግን ማን አየው?

ታዲያ ከላይ መወለድ የመጀመሪያውን ልደት ይሰርዛል? ለዚህ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት የተሻለ መልስ አላውቅም። አገሩ ከከሚሴ ሩቅ፣ ኢሉባቦር ነው፤ የእናቱ ቋንቋ ግን በከሚሴም የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ተጠመቀ። አዲሱ ስሙ ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈለት ባሪያ የተወሰደ ሲሆን «ጠቃሚ» ማለት ነው። በልደቱ የወጣለት ስም ደግሞ ሂካ ነበር፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ አንባቢ «የሚፈታ፣ የሚተረጉም» ማለት መሆኑን ይረዳል። ይህ ሰው የቀድሞውን ስም ጥሎ አልሄደም፤ ኖረው እንጂ! ቋንቋውን ከእርሱ ይልቅ ጠንቅቃ ከምታውቀው፣ እርሷም ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው፣ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ወገኖቹን በቋንቋቸው ማስተማር ጀመረ።

ባለትዳር ከሆኑ ነገሩ እርስዎንም ይነካል። ከሁለት አንዱ ጌታን ሲቀበል፣ ያመነው ወገን ቤቱን እንደ ግብፅ ቆጥሮ ለመውጣት የሚቸኩልበት ጊዜ አለ። ጳውሎስ ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ፣ ያላመነው አብሮ ለመኖር እስከ ወደደ ድረስ መለያየትን ይከለክላል። እውነቱን ለመናገር፣ ሚስት የባሏን አዲስ ልደት የምታውቀው በዝማሬው አይደለም። (ዝማሬው ይቅር ማለቴ አይደለም።) ትናንት ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ቤቱን የሚያናውጥ ሰው ዛሬ ዝም ብሎ ሲበላ፣ ያን ጊዜ አንድ ነገር እንደሆነ ይገባታል።

ያ የከሚሴ ልጅም እናቱን በክርክር ለመርታት አይድከም። ለአጨዳ ሲወጣ ከወንድሞቹ ቀድሞ ይነሣ፤ ስትጠራውም እርሷ ባወጣችለት ስም «አቤት» ይበላት።