ከመጋረጃው በፊት የሚሰማው ድምፅ፦ ታላላቅ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ከአንድ የሙከራ ቅጂ ሲጀምሩ

እ.ኤ.አ በጥር 1980 ፈረንሳዊው የዜማ ደራሲ ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ የድምፅ ቅጂ አጠናቀቁ። በቅጂው ላይ ኦርኬስትራ አልነበረም፤ የተዋንያን ቡድንም አልነበረም። ፒያኖውን የሚጫወቱት እርሳቸው ነበሩ። ከእስር የተፈታውን ሰው፣ የሚያሳድደውን የፖሊስ መኮንን፣ ለልጇ ስትል የተንገላታችውን እናት፣ የጎዳናውን ልጅ ሆነው የሚያዜሙትም ራሳቸው ነበሩ። ያ ቅጂ ዛሬ ዓለም «ሌ ሚዜራብል» ብሎ የሚያውቀው ሙዚቃዊ ተውኔት የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ሥራው ዱባይ ኦፔራ በተከፈተበት በ2016 በዚያው መድረክ ላይ ቀርቦ በአካባቢያችን የሚኖሩ ተመልካቾችም አይተውታል።

ታሪኩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቪክቶር ሁጎ በ1862 ያሳተሙትና በአማርኛ «ምንዱባን» በሚል ርዕስ የተተረጎመው ልብ ወለድ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ያ ግዙፍ መጽሐፍ ወደ መድረክ የተሻገረበትን መንገድ ነው። በመጽሐፉና በመድረኩ መካከል በባለሙያዎች ዘንድ «ዴሞ» የሚባለው የሙከራ ቅጂ ይገኛል።

ዴሞ ለገበያ የሚቀርብ ሥራ አይደለም። የሚዘጋጀው ለጥቂት ጆሮዎች ነው። አብሮ የሚደርሰው ገጣሚ ቃሉና ዜማው ተስማምተው እንደሆነ ይሰማበታል። የመድረኩ አዘጋጅ ታሪኩ በዘፈኑ ወደ ፊት መራመድ አለመራመዱን ይመዝንበታል። ገንዘብ የሚያወጣው ፕሮዲውሰር ሥራው መድረክ ይገባው እንደሆነ ይወስንበታል። ዘፋኙም ክፍሉን ያጠናበታል። ለዚህ ሁሉ አንድ ድምፅና አንድ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የ«ሌ ሚዜራብል» ሐሳብ የተጸነሰው በቱኒስ ከተማ በተወለዱት ደራሲ አሊን ቡብሊል አእምሮ ውስጥ ነው። ቡብሊል ለንደን ላይ «ኦሊቨር» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ሲመለከቱ፣ በመድረኩ ላይ የነበረው ትንሽ ኪስ አውላቂ የሁጎን የጎዳና ልጅ ጋቭሮሽን አስታወሳቸው። ከዚያ በኋላ ከሾንበርግ ጋር ተቀምጠው ልብ ወለዱን ወደ ዘፈን መለወጥ ጀመሩ። የፒያኖና የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የነበረበት ቅጂ ሲጠናቀቅ በዌምብሌይ ስቱዲዮ ሙሉ አልበም ተቀረጸ፤ 260,000 ቅጂም ተሸጠ። በዚያው ዓመት መስከረም ሥራው በሮበርት ሆሴን አዘጋጅነት ፓሪስ በሚገኘው ፓሌ ዴ ስፖር ለመድረክ በቃ። የአዳራሹ ውል ሲያበቃ ትርኢቱ ከሦስት ወር በኋላ ተዘጋ።

መድረኩ ተዘግቶ አልበሙ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ አዘጋጅ አልበሙን ለእንግሊዛዊው ፕሮዲውሰር ካሜሮን ማኪንቶሽ አደረሱ። ማኪንቶሽ የእንግሊዝኛውን ዝግጅት ለመጀመር የወሰኑት ያንን ቅጂ ሰምተው ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1985 የለንደኑ ባርቢካን መጋረጃ ተከፈተ። አንድ ሰው ብቻውን በፒያኖ ያንጎራጎረው ሥራ በዚህ መንገድ ባሕር ተሻገረ።

ከዚህ ታሪክ ዋናው ትምህርት ግን ሥራው መሻገሩ ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ የደረሰበት ለውጥ ነው። ፈረንሳውያን ልብ ወለዱን ከልጅነታቸው ስለሚያውቁት የመጀመሪያው ሥራ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የእስር ዘመን መተረክ አላስፈለገውም ነበር። ለእንግሊዝኛ ተመልካች ግን መነሻው ካልታወቀ መድረሻው ስለማይገባ አዲስ መግቢያ ተጻፈ። በፈረንሳይኛው አልበም ፋንቲን የምታዜመው የመከራ ዜማ በእንግሊዝኛው ከእርሷ ተወስዶ ለኤፖኒን ተሰጠ፤ ዛሬ «ኦን ማይ ኦውን» በሚል ርዕስ የሚታወቀው ዜማ ይኸው ነው። ዜማው ባለቤቱን ያገኘው ቦታውን ከቀየረ በኋላ መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። ልምምድ ተጀምሮ ሳለ ለዋናው ገጸ ባሕርይ የተዘጋጀ አንድ ዜማ ገና ግጥም አልነበረውም። ገጣሚው ኸርበርት ክሬትዝመር ቃል ፍለጋ ተቸግረው ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆኑት ጆን ኬርድ ዜማው ጸሎት እንደሚመስላቸው ሲናገሩ የተዘጋው በር ተከፈተ። ግጥሙ አንድ አዛውንት የአንድ ወጣት ሕይወት እንዲተርፍ ፈጣሪውን የሚለምንበት ዱዓ ሆኖ ተጻፈ። ዜማው ምን ሊል እንደፈለገ የሰማው የሌላ ሰው ጆሮ ነበር። የሙከራ ቅጂ ፋይዳም እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው ከራሱ ሥራ ውስጥ ያልሰማውን ሌላው እንዲሰማለት ዕድል ይሰጣል።

በእኛ ዘመንም መንገዱ ያው ነው። በ2024 መጀመሪያ በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት በኢትሃድ አሬና የቀረበውን «ሃሚልተን» እንውሰድ። ደራሲው ሊን ማኑዌል ሚራንዳ በ2008 ለዕረፍት ሲጓዙ የአንድ አሜሪካዊ የአገር መሥራች የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ይዘው ነበር። በግንቦት 12 ቀን 2009 በዋይት ሃውስ በተዘጋጀ ምሽት ከዚያ መጽሐፍ የወጣ አንድ ዘፈን በፒያኖ ታጅበው አቀረቡ። ሐሳባቸውን ሲገልጹ ታዳሚው መሳቁ በቪዲዮ ተቀርጾ ይታያል። ሁለተኛውን ዘፈን ለመጨረስ ደግሞ አንድ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ሙሉው ሥራ በብሮድዌይ የተከፈተው ነሐሴ 6 ቀን 2015 ነው። ከሥራው ዜማዎች የአንዱን አዝማች ወደ ጓደኛ ልደት በባቡር ሲጓዙ በስልካቸው እንደቀረጹት፣ ከግብዣውም ቶሎ ተነሥተው ቀሪውን በመልስ ጉዞ እንደጻፉት ራሳቸው ተናግረዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ መድረክ ሳያየው የቀረ አንድ ዘፈንም አለ። በ1790 ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበውን የባርነት ይቁም አቤቱታ ተከትሎ መሪዎቹ ሲከራከሩ የሚያሳይ ነበር። ዘፈኑ ከተውኔቱ ወጣ፤ በታሪኩ ውስጥ ከመሪዎቹ አንዳቸውም ጉዳዩን ወደ ፊት ስላላራመዱት መድረኩም ወደ ፊት አይሄድም ነበር። ሆኖም የሙከራ ቅጂው በታኅሣሥ 2016 በወጣ አልበም ለአድማጭ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ ያንን ተውኔት የሚመረምር ሰው መድረኩ የተናገረውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም መስማት ይችላል። ቅጂው ባይኖር ኖሮ ያ ክርክር ከደራሲው ማስታወሻ ደብተር አይወጣም ነበር።

ለአማርኛ ተናጋሪው ደራሲ ደግሞ ድምፅን የመቅረጽ ጉዳይ ከዚህም የጠለቀ ምክንያት አለው። ፊደላችን ጥብቀትንና ላላትን አያሳይም። «ወንድሜ አለ» የሚለውን ስንኝ እናስብ። «ለ» ጠብቃ ስትነበብ ወንድሜ በሕይወት አለ፣ እዚሁ ይገኛል ማለት ነው። ላልታ ስትነበብ ግን ወንድሜ ተናገረ ማለት ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ዜማ ደራሲው «አ»ን አስረዝሞ «ለ»ን በቀላሉ ከዘለላት፣ ከስደት ስለጠፋ ወንድሟ የምታዜም እኅት የምሥራቿ ይጠፋል፤ አድማጩ ወንድሙ ምን እንዳለ ለመስማት ይጠብቃል። ይህንን ስሕተት ዓይን አያየውም። ተቀርጾ መልሶ ሲሰማ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

መልካም የሙከራ ቅጂ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ትጋት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። መጋረጃና ልብስ ያለበት ክፍል ድምፅ እንዳያስተጋባ ይረዳል፤ ባዶ ግድግዳ ግን ድምፁን መልሶ ይረጨዋል። ከዘፈኑ በፊት ማን እንደሚያዜም፣ የት እንዳለና ምን እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይጠቅማል፤ የመድረክ ዘፈን ከተራ ዘፈን የሚለየው ባለጉዳይ ስላለው ነው። ዘፈኑ ሲያበቃ ባለጉዳዩ ሲጀምር ከነበረበት ካልተንቀሳቀሰ ዘፈኑ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። በአዘማመር ጊዜ ማስጌጫ ማብዛት አይገባም፤ ዜማው ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። አጃቢውን ለብቻው ደግሞ መቅረጽ ሌላ ዘፋኝ እንዲለማመድበት ያስችላል። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ቀን መጻፍ፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መስማማት ደግሞ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ይጠብቃል።

የሙዚቃ መሣሪያን በተመለከተ በሃይማኖት ሊቃውንት ዘንድ ያለው የአመለካከት ልዩነት የታወቀ ነው። መሣሪያ የማይጠቀም ደራሲ በሰው ድምፅ ብቻ ወይም በድቤ ታሪክ መተረክ ይችላል። በዚህ ረገድ የወሎ መንዙማ ለጆሯችን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። መንዙማ የውዳሴና የዱዓ ቅርስ ስለሆነ ከተውኔት ጋር አይቀላቀልም፤ ክብሩም ሊጠበቅ ይገባል። ሆኖም አንድ መሪ ድምፅ ሲያወጣና ጀማው ሲቀበል ረጅም ታሪክ ያለ መሣሪያ ብዛት አድማጭን ይዞ መዝለቅ እንደሚችል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚተርኩት ታሪክ አያጡም። ቤተሰቧን ለመደገፍ ዓመታትን በሰው ቤት ያሳለፈች እኅት፣ የእናቱን ቀብር በስልክ የሰማ ወንድም፣ በረመዳን ፊጥራ ላይ አገሩን የሚያስታውስ ሹፌር አሉ። እነዚህ ታሪኮች በየስልኩ ውስጥ በድምፅ መልእክት መልክ ተከማችተው ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ብዙ ጊዜ የማይጻፉት ስቱዲዮ እስኪገኝ፣ ድምፅ እስኪያምር፣ ገንዘብ እስኪሞላ ስለሚጠበቅ ነው። ሾንበርግ ግን የእናቲቱንም የሕፃኑንም ዜማ በራሳቸው ድምፅ ለመቅረጽ አላፈሩም።

ስለዚህ መነሻው ቅርብ ነው። በዕረፍት ቀን ጸጥ ባለ ሰዓት አንድ ባለጉዳይ መርጦ፣ አንድ ዜማ ቀርጾ፣ እውነቱን ለሚናገር አንድ ወዳጅ ማሰማት ይቻላል። ወዳጁ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ያለበትን ቦታ አርሞ በማግስቱ እንደገና መቅረጽ ነው።