የማግኔት መስመር በእውነት አለ ወይ?

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከሚያስጨንቁን ጥያቄዎች አንዱ ይኸ ነው፦ «ቲቸር፣ በማግኔት ዙሪያ የሚስሏቸው መስመሮች በእውነት አሉ ወይ?» መልሱ ሁለት ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እንይ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት ይገኛል። ብረት ሲሞረድ የሚወድቀውን ብናኝ ወረቀት ላይ በትነን ማግኔቱን ከሥር ብናስጠጋው ብናኙ መስመር ሠርቶ ይሰለፋል። ይሁን እንጂ በሁለት መስመር መካከል መስኩ የለም ማለት አይደለም፤ በሁሉም ቦታ አለ። ብናኙን አራግፈን እንደገና ብንበትነው መስመሮቹ ሌላ ቦታ ላይ ይውላሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ መስመሩ የእኛ ሥዕል ነው።

ሁለተኛው መልስ ያለው ብርድ ውስጥ ነው። ብርድ ሲባል ከይፋግ እስከ ደብረ ታቦር ላለን ሰዎች ጉና ነው። ነገር ግን የጉና ውርጭ ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ሙቀት ነው። በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሆላንዱ ካመርሊንግ ኦንስ ሜርኩሪን እስከ −269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያቀዘቅዘው ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት አለፈበት። ይህን መሰል ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። በ1933 ማይስነርና ኦክሰንፌልድ ሱፐርኮንዳክተር የማግኔትን መስክ ከውስጡ እንደሚያስወጣ አሳዩ። በ1957 ደግሞ የሶቪየቱ አብሪኮሶቭ አንዳንዶቹ መስኩን በቀጫጭን ክሮች ከፋፍለው እንደሚያስገቡት በስሌት አስረዳ። ክሮቹ ሁሉ እኩል የማግኔት መጠን ይይዛሉ፤ በያንዳንዱም ዙሪያ ኤሌክትሪክ እንደ አዙሪት ይዞራል።

ሥዕሉ በ1967 ተገኘ። በጀርመን አገር ስቱትጋርት ከተማ ኤስማንና ትሮይብለ የተጠቀሙበት ዘዴ ከእኛው የሞረድ ብናኝ ብዙም የራቀ አይደለም። በቀዘቀዘው የእርሳስና የኢንዲየም ቅይጥ ላይ ማግኔት የሚስበውን እንደ ጭስ የደቀቀ ብናኝ ለቀቁበት። ብናኙ ክሮቹ ብቅ በሚሉበት ቦታ ተሰበሰበ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዱ ነጠብጣብ በስድስት ጎረቤቶች ተከቦ፣ እንደ ማር እንጀራ ተደርድሮ ተገኘ። እዚህ ላይ መስመሩ ሥዕል አይደለም፤ ይቆጠራል! በአገራችን ያለውን የምድር ማግኔት ያህል ደካማ መስክ ቢገባ እንኳ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ከ15 ሺህ በላይ ክር ይኖራል። በ1992 ጃፓናውያኑ ሃራዳና ቶኖሙራ ከባልደረቦቻቸው ጋር ክሮቹ ሲንቀሳቀሱ በኤሌክትሮን ጨረር አዩ።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ክሮቹ ከተንቀሳቀሱ ሙቀት ይፈጠርና ሱፐርኮንዳክተሩ ጥቅሙን ያጣል። ስለዚህ ሽቦ ሠሪዎች ሆን ብለው በሽቦው ውስጥ ጥቃቅን ጉድለት ያስገባሉ፤ ክሩ በችካል እንደታሰረ ከብት እዚያው ይያዛል። የሰውነትን ውስጥ የሚያሳዩት የኤም.አር.አይ. መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእንዲህ ያለ ሽቦ ነው።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ1987 የተገኘው ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር −181 ዲግሪ ይበቃዋል። ላሞችን የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያቆዩበት ፈሳሽ ናይትሮጂን ደግሞ −196 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ እጩ መምህራን፣ ልጁ ሲጠይቀን «ዝም ብለህ ገልብጥ» አንበለው። ብናኙን በትነን እናሳየው፤ የትኛው መስመር ሥዕል፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ለይተን እንንገረው። ቤተ ሙከራ የለንም ብለን ጥያቄውን ከምናፍነው፣ አንድ ማግኔትና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃናል።